ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ተራ አስከባሪ

«የወር አበባ» የሚለውን ቃል አንድም ጊዜ ጮክ ብዬ ሳልናገር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በማዕረግ ወጥቻለሁ። የሚያስቀው፣ የተማርኩት ስለ እሱው ነው። ፈተና በጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ ደግሞ ፊት አያቀላም። የማስተርስ ጥናቴን ሳቀርብ እንኳ በእንግሊዝኛ ስለነበር ተርፌያለሁ። በእንግሊዝኛ ምንም ነገር መናገር ይቻላል። አማርኛ ግን የእናት ጆሮ አለበት፤ ቃሉ ገና ከአፌ ሳይወጣ እማዬ ከኋላዬ የቆመች ይመስለኛል።

ጣጣው የመጣው ኮምቦልቻ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ የጤና ተማሪዎችን ማስተማር ስጀምር ነው። የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ፣ ከእማዬ ጋር ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ነን። ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርጄ አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሐረጎን ወጥቼ እመለሳለሁ። በዚያ ሴሚስተር የደረሰኝ ርዕስ ደግሞ አንጎል የመራቢያ ሆርሞኖችን እንዴት እንደሚያዝ የሚያስረዳው ነበር። ምርጫ ቢሰጠኝ ኩላሊትን እመርጥ ነበር። ኩላሊት ጨዋ ነው።

የመጀመሪያው ቀን በእንግሊዝኛ ጀምሬ ጥሩ እየሄድኩ ሳለ፣ ከፊት የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህርት፣ እስኪ እሱን ነገር በአማርኛ።»

«አዎ፣ በአማርኛ!» አለ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ፣ ምን እንደሚመጣ አስቀድሞ እየጣመው።

ሰሌዳውን አየሁ። ጠመኔውን አየሁ። በመስኮቱ በኩል ከመንገዱ «ደሴ! ደሴ! ደሴ!» የሚል የረዳት ጩኸት ይሰማል። ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ አፌ በራሱ ተከፈተ።

«እንግዲህ አንጎልን ደሴ ነው በሉት» አልኩ።

ሰሌዳው አናት ላይ «ደሴ» ብዬ ጻፍኩ።

«ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተቀመጠ፣ ብርድ የማያጣው፣ ሁሉን አዛዥ እኔ ነኝ የሚል።»

የደሴ ልጆች አጨበጨቡ፤ የኮምቦልቻዎቹ አጉረመረሙ። ክፍል ውስጥ ተጨብጭቦልኝ ስለማያውቅ ቀጠልኩ። ከአንጎል ሥር ሃይፖታላመስ የምትባል ትንሽ ቦታ አለች፤ እሷ የደሴ መናኸሪያ ናት። እዚያ አንድ ተራ አስከባሪ አለ። ሥራው መላክ ነው። አንድ ሚኒባስ ይለቃል፣ ፋታ ይሰጣል፣ ሌላውን ይለቃል። ሚኒባሱ በደም መንገድ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ይገባል። ኮምቦልቻ ፒቱታሪ የተባለው ዕጢ ነው። እሱ ተሳፋሪውን ተቀብሎ በራሱ መኪና ወደ ባቲ ይሸኘዋል።

«ባቲ ምንድን ነው መምህርት?» አለ ያ የኋላ ወንበር ልጅ፣ እያወቀ።

«ባቲ…» አልኩ። «ባቲ ባቲ ነው።» ኦቫሪን በአማርኛ ከመጥራት ይሻለኛል።

ዋናው ቁም ነገር መላኩ አይደለም፤ እያረፉ መላኩ ነው። የደሴው ሰው ያለውን ሚኒባስ ሁሉ በአንዴ ቢለቀው ኮምቦልቻ መናኸሪያው ይዘጋል፣ ወደ ባቲ አንድም መኪና አይወጣም። ዕጢውም እንደዚያው ነው። መልእክቱ ያለ ፋታ ከወረደበት ይደነቁራል። መልእክት በትርታ ሲመጣ ብቻ ነው የሚሰማው። ትርታውን የሚሠሩት ደግሞ ተራ አስከባሪው ጆሮ ሥር ቆመው የሚነታረኩ ኬሚካሎች ናቸው። ኪስፔፕቲን የሚባለው «ልቀቅ! ልቀቅ!» ይለዋል። ዳይኖርፊን የሚባለው «ቆይ እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሃል» ይለዋል። እነሱ ሲነታረኩ ወሩ ይሄዳል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ቃል ሳልጠራ አንድ ምዕራፍ ሙሉ አስተማርኩ። ተማሪዎቹም ያለ ችግር ገባቸው፤ «ሚኒባሱ ወረደ?»፣ «የባቲው ሞላ?» እየተባባሉ ያጠኑ ነበር። እኔም ከሐፍረት መንገድ ተገኘልኝ ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ቸኩዬ ነበር።

ወደ ቤታችን ልመለስ። እኔና እማዬ ስለ ብዙ ነገር እናወራለን፤ ስለዚያ ነገር ግን አንዲት ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። በየወሩ ሞዴስ የምትገዛው እሷ ናት። ከሱቅ በጥቁር ፌስታል ይዛ ትመጣና ጓዳ፣ ከሳሙናው ጀርባ ታስቀምጠዋለች። እኔ እወስዳለሁ፤ ሲያልቅ ትተካለች። በልጅነቴ የጀመረ ዝም ያለ ስምምነት ነው።

በዚያ ሴሚስተር ከሳሙናው ጀርባ ያለው ሞዴስ መደራረብ ጀመረ። ሳሙናውን እየገፋ ወደፊት መጣ። እማዬ ከሳሙናው ጀርባ አንስታ ከሳሙናው ፊት አደረገችው። አላየሁትም። ቁም ሳጥኔ ውስጥ፣ ልብሴ ላይ አስቀመጠችው። ቸኩዬ ስለነበር ወደ ጎን ገፋ አድርጌ ሹራቤን አወጣሁ። በመጨረሻ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ትራሴ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ እንደ እንግዳ። እኔም «እማዬ ቤት ስታጸዳ ረስታው ነው» ብዬ ጓዳ መለስኩት።

 የወሩ ነገር መዘግየቱን አውቅ ነበር፤ «ሥራ በዛብኝ» ብዬ አልፌዋለሁ። ጠዋት ሻይ ፉት ብዬ እወጣለሁ። ምሳ ሰዓት የተማሪ ወረቀት አርማለሁ። ማታ ለነገ እዘጋጃለሁ። ቀሚሴ ሰፍቶኝ በመርፌ ቁልፍ ይዤው ነበር፤ ማጠቢያው አሰፋው ብዬ ነበር የማስበው።

ሌላም ነገር ነበር። ሐረጎ ያስመልሰኛል። ያን ጠመዝማዛ መንገድ በባዶ ሆዴ ስወርድ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሆዴ ይነሳል። ስለዚህ ቦርሳዬ ውስጥ ሎሚ አይጠፋም ነበር፤ ቤት ስገባም ሎሚ እልሳለሁ።

እማዬ እንግዲህ ይህን ሁሉ ታያለች። የቆመ ሞዴስ፣ የሚያስመልስ ሆድ፣ የሎሚ አምሮት፣ ማታ ሶፋ ላይ የሚጥል እንቅልፍ። ያላገባች ልጅ። በቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ልብስ የሚሰፋላት እናት ልጅ። ሴትዮዋ ምን ታስብ?

የተማሪዎቼ ቀጣይ ርዕስ «ሲቀር ለምን ይቀራል?» የሚል ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍሌ ገብቼ ብቻዬን ጮክ ብዬ ተለማመድኩ። መስኮቱ ክፍት ነው። ከመስኮቱ ሥር፣ ግቢ ውስጥ፣ እማዬና ጎረቤታችን በርበሬ ይቀነጥሳሉ። ጎረቤታችን ሙስሊም ሴት ናቸው፤ ከእማዬ ጋር የጋራ አጥር፣ የጋራ ወንፊትና የጋራ ምስጢር ያላቸው። ያን ቀን የሆነውን የነገሩኝ በኋላ እሳቸው ናቸው።

እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ፣ እጄን እያወራጨሁ፣ እንዲህ እል ነበር፦

«ልጅቷ መጀመሪያ ልብ አትለውም። አንድ ወር ይቀራል፤ ሁለት ወር ይቀራል። እሷ ሥራ በዛብኝ ትላለች። ጥፋቱ የማን ነው? የባቲው አይደለም፤ የባቲው ንጹሕ ነው። የኮምቦልቻውም አይደለም። ጥፋቱ የደሴው ተራ አስከባሪ ነው! ሁሉ ነገር የቆመው በእሱ ምክንያት ነው!»

እማዬ እጇ ላይ የነበረው በርበሬ ወደቀ አሉ።

«ጌታ ሆይ» አለች፣ «ሦስት ናቸው?»

«አብሽሪ» አሏት ጎረቤታችን። «ሁለቱን ነጻ አውጥታቸዋለች። አንዱን ነው የጠቀሰችው።»

«ተራ አስከባሪ!»

«ሥራ ነው፤ ምን አለበት? ይልቅ ሚስት ያለው እንዳይሆን።»

እማዬ በበርበሬ እጇ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ በኋላ ያለቀሰችው ለምን እንደሆነ ማንም ሊለየው አልቻለም።

እሑድ ማታ እራት ቀረበ። እማዬ ሳህኑን እያየች ጀመረች።

«ያ… ተራ አስከባሪው።»

«የትኛው?»

«የደሴው።»

መናኸሪያ ያሉትን፣ በየጠዋቱ ወደ ኮምቦልቻ የሚያሳፍሩኝን ሰውዬ የምትጠይቀኝ መሰለኝ። «ምን ሆኑ?» አልኩ።

«አንቱ ነው እንዴ የምትይው?»

«ትልቅ ሰው ናቸው እኮ።»

እማዬ ውኃ ጠጣች። «ደህና ሰው ነው?»

«በጣም። ሁልጊዜ ፊት ወንበር ይይዙልኛል።»

«ለምን?»

«ስለሚያስመልሰኝ ነዋ።»

ጉርሻዋን ወደ ሳህኑ መለሰችው። «ያውቃል ማለት ነው።»

«እንዴት አያውቁም? በየቀኑ እያዩ። ረዳቶቹም ያውቃሉ። ሾፌሮቹም።»

«ሾፌሮቹም!»

«ሎሚ ይዘው የሚጠብቁኝ አሉ» አልኩ፣ እንዲህ ያለ ደግ ሕዝብ መሆኑን እንድታውቅልኝ።

«ታዲያ ምን አለሽ? እሱ።»

«ምን ይላሉ? ‹አብሽሪ መምህርት፣ ይለመዳል› አሉኝ።»

እማዬ ተነሥታ መኝታ ቤቷ ገባች። ጸሎቷ በግድግዳው ይሰማ ነበር። ስሜ ደጋግሞ ተጠራ፤ ስለ መንገዱ አደጋ የምትጸልይልኝ መስሎኝ በጣም ተነካሁ።

ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዴ ሻዬን ፉት ብዬ መናኸሪያ ሄድኩ። ሰውዬው ፂማቸውን ሂና ተቀብተው፣ ፊሽካቸው አንገታቸው ላይ፣ «ኮምቦልቻ! ሁለት ሰው የቀረው!» ይላሉ። እንደ ሁልጊዜው ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ቦርሳዬን እያስተካከልኩ ቀና ስል በመስታወቱ ውስጥ እማዬን አየኋት። የእሑድ ልብሷን ለብሳለች። ከጎኗ ጎረቤታችን ሻርፓቸውን አጥብቀው አስረው ይራመዳሉ። ለለቅሶ ወይም ለሽምግልና የሚሄዱ ይመስላሉ። ቀጥ ብለው ወደ ሰውዬው ሄዱ።

መውረድ ነበረብኝ። በምትኩ ወንበሩ ላይ ዝቅ አልኩ። መስኮቱ ግን ክፍት ነበር።

«ተራ አስከባሪው አንተ ነህ?» አለች እማዬ።

«እኔ ነኝ እናቴ። ኮምቦልቻ ነው? ይግቡ፣ ሁለት ሰው ነው የቀረው።»

«የትም አልሄድም። የዚያች ልጅ እናት ነኝ።»

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረው ፊታቸው በራ። «የመምህርቷ! ማሻአላህ! ጨዋ ልጅ ነው ያሳደጉት።»

«ነበረች» አለች እማዬ። «አሁን ምን ልታደርጋት አስበሃል?»

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ፤ ፊት!»

«ኃላፊነቱን ትወስዳለህ ወይስ አትወስድም?»

«እንዴት አልወስድም! ግን እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ የኔ ኃላፊነት እስከ ኮምቦልቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ከሆነ የባቲው ይረከባታል።»

እማዬ የጎረቤታችንን ክንድ ያዘች። «የባቲውም አለበት!»

ጎረቤታችን ወደፊት ወጡ። «አንተ ሰውዬ፣ አላህን ፍራ። ሚስት አለህ?»

«አለችኝ።»

«ልጆችስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ትልቋ ከመምህርቷ ትበልጣለች። ኧረ ምንድን ነው ነገሩ? ምን አጠፋሁ? ትርፍ ጭኜባት አውቃለሁ?»

«ትርፍማ ጭነህባታል!» አሉ ጎረቤታችን።

መናኸሪያው በሳቅ ፈረሰ። ሰው እንደ ንብ ከበባቸው። ሰውዬው መጀመሪያ አብረው ሳቁ፤ ከዚያ የእማዬን ዓይን አዩ፤ ከዚያ ሳቁ ከፂማቸው ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ፊሽካቸውን ጨበጡ።

«ወላሂል አዚም!» አሉ። «እኔ? የዚህን ሁሉ ዓመት ስሜን! መምህርት! ውረጂ! ውረጂና ተናገሪ!»

ወረድኩ።  ዙሪያውን ሰው ሞልቷል፦ ሾፌሮች፣ ሶፍት ሻጮች፣ ከደሴ ዙሪያ ጎመን ይዘው የመጡ ገበሬዎች፣ አንዲት የማውቃት ዘማሪት። እማዬ አየችኝ። ያ አስተያየት ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። ልጄ፣ እናትሽን አታውቂኝም እንዴ፣ ለምን አልነገርሽኝም የሚል ነበር። እሷ ካላመነችኝ ያ ቤት ሁለት ሰው የሚኖርበት አይሆንም፤ ሁለት ብቸኛ ሰው የሚኖርበት ነው የሚሆነው። ሰውዬውም ፊሽካቸውን እንደጨበጡ አፌን ያያሉ።

«እማዬ» አልኩ፣ «ትምህርት ነው! ቅዳሜ የሰማሽው ትምህርት ነው! ተራ አስከባሪው እሳቸው አይደሉም፤ ጭንቅላት ውስጥ ያለ ነው! የማስተምረው ስለ ወር አበባ ነው!»

«ወር አበባ» የሚሉት ሁለት ቃላት ከፍ ብለው ወጡ።  ቃሉ ብቻውን ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሳይገባ አልቀረም።

እማዬ ተጠግታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ታዲያ ሞዴሱ ለምን ተቆለለ?» አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀሁም ነበር።

ሰውዬው ግን የሥራ ሰው ናቸው። «ግቡ! ግቡ!» አሉ፣ እማዬንና ጎረቤታችንን በእጃቸው ወደ በሩ እየሸኙ። «ሁለት ሰው ነበር የቀረኝ፤ ሁለት ናችሁ። መንገድ ላይ ጨርሱት። መኪናው ይሂድ!» በሩን ዘጉት፤ ፊሽካቸውን ነፉ። ተላክን።

ጎረቤታችን ፊት ወንበሬን ወስደው ነበር። እኔ ከእማዬ ጋር መሀል ተቀመጥኩ፤ ተሳፋሪው ሁሉ መንገዱን ሳይሆን እኛን ያያል። ማምለጫ የለም። ስለዚህ የማውቀውን ማድረግ ጀመርኩ፤ አስተማርኩ። ስለ ሚኒባሱ፣ ስለ ፋታው፣ «ልቀቅ» እና «ቆይ» ስለሚሉት ኬሚካሎች ነገርኳት። እማዬ እየሰማች ራሷን ነቀነቀች።

«ደሴ ይልካል፣ ኮምቦልቻ ይቀበላል፣ ባቲ ይሠራል» አለች። «እሺ። ሰውዬው ሥራውን ለምን ያቆማል?»

«ስንቅ ሲያንስ ነው። ሰውነት የሚበላው ሲያጣ፣ እንቅልፍ ሲጎድለው፣ ጭንቀት ሲበዛበት፣ አንጎል ‹አሁን ልጅ የሚታሰብበት ጊዜ አይደለም› ይልና ኪስፔፕቲንን ዝም ያሰኘዋል። ‹ልቀቅ› የሚለው ሲጠፋ ተራ አስከባሪው ቁጭ ይላል። መኪናዎቹ ደህና ናቸው፣ መንገዱ ደህና ነው፤ የሚልክ የለም። ልጅቷ መጀመሪያ ልብ አትለውም። ሥራ በዛብኝ…»

እጄ ቀሚሴን ወደያዘው መርፌ ቁልፍ ሄደ።

«ቀጥይ እንጂ» አለ ከኋላ አንድ ተሳፋሪ።

«ዛሬ ጠዋት ምን በልተሽ ወጣሽ?» አለች እማዬ።

«ሻይ።»

«ሻይ ይበላል? ዓርብ ምሳስ?»

«ፈተና እያረምኩ ነበር።»

«ይሄ ቀሚስ ለምን በመርፌ ቁልፍ ተያዘ?»

«ማጠቢያው…» አልኩ፤ አልጨረስኩትም። ለተማሪዎቼ በየቀኑ የማስረዳው ነገር እኔ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ትራሴ ላይ እንደተቀመጠው ሞዴስ።

«ወይኔ ልጄን!» አለ ተሳፋሪው። «ተራ አስከባሪው ጾሙን ይዟል!»

በዚያው ቅጽበት ሦስተኛው ኩርባ ደረሰ። አፌን ያዝኩ። ሾፌሩ፣ እንደ ለመደው፣ ዳር ያዘ። ሳስመልስ እማዬ ግንባሬን ደግፋ፣ ቀና ብላ ጎረቤታችንን በመስኮት አየቻቸው። «ይሄስ? ይሄ ምንድን ነው?»

«ይሄ ሐረጎ ነው!» አለ መኪናው በሙሉ፣ በአንድ ድምፅ።

እማዬ አምናኛለች፤ ግን «ማመን አንድ ነገር ነው፣ ሐኪም ሌላ ነው» ብላ በዚያው ቀን ኮምቦልቻ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። እማዬ እኔ ሳልጠየቅ ቀድማ ገባችበት፦ «ደሴ ላይ ያለው መላክ አቁሞ ነው፤ ኮምቦልቻና ባቲ ምንም አልሆኑም።»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። በእንግሊዝኛ ነገርኳት።

«መጀመሪያ የሚጣራው እርግዝና ነው» አለች። «ማንም ብትሆን።»

«አላልኳችሁም?» አለች እማዬ፣ በኩራት ተቃንታ። ወዲያው ምን እንዳለች ገብቷት ተመልሳ ኮሰመነች።

ውጤቱን ስንጠብቅ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እጄን ይዛ ነበር። ምንም እንደማይኖር እኔ አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች። እጄን ግን አልለቀቀችም። ሐኪሟ ወጥታ «እርግዝና የለም» ስትል እማዬ አላለቀሰችም፤ ሻርፗን ፈትታ እንደገና አሰረችው።

ሌላም ደም ተወስዶ ተመረመረ፤ እንዲህ ያለ ነገር በእንቅርት ዕጢም፣ በወተት ሆርሞንም፣ በሌላም ሊመጣ ይችላልና። ሁሉም ደህና ሆኖ ተገኘ። «ብዪ፣ ተኚ፣ ሩጫውን ቀንሺ፤ ካልተመለሰ ትመጫለሽ» አለችኝ ሐኪሟ። «ለመሆኑ ምንድን ነው የምታስተምሪው?»

«ይህንኑ» አልኩ። ጎንበስ ብላ ወረቀቷን አስተካከለች፤ ትከሻዋ ግን ይስቅ ነበር።

ከዚያ ማብላት ተጀመረ። ጠዋት ቅንጬ በቅቤ ካልጨረስኩ የግቢው በር አይከፈትም። በአጥሩ በኩል ከጎረቤታችን ሳምቡሳ፣ እርጎ፣ የተቀቀለ እንቁላል ይሻገራል። «ለኔ አይደለም፣ ለሰውዬው ነው» ይሉኛል፣ ግንባሬን በጣታቸው እየነኩ። «ብላ አንተ፤ ብላና ሥራህን ሥራ።» ማታ እማዬ መብራቱን ራሷ እያጠፋች ወረቀቴን ትወስዳለች።

መናኸሪያ ያሉት ሰውዬ ግን ተጎድተው ነበር። ስማቸውን ለማዳን ከፊት ወንበር አንስተው የመጨረሻው ረድፍ ላይ አስቀመጡኝ። ባዩኝ ቁጥር ወደ ሌላ መኪና ዞረው «ወልዲያ!» ብለው ይጮኻሉ፤ ወልዲያ የእሳቸው መስመር አይደለም። እማዬ ይቅርታ ልትጠይቅ አንድ ሳህን ቂጣ ይዛ ሄደች። ሄዳ ብትመለስ ጥሩ ነበር። መናኸሪያው መሀል ቆማ፣ ሁሉ እንዲሰማ፣ «ልጄም ንጹሕ ናት፣ እሳቸውም ንጹሕ ናቸው፤ ሆርሞን ነው!» አለች። ከዚያ ወዲያ ረዳቶቹ ሲያዩኝ «ሆርሞን መጣች፣ ቦታ ልቀቁ» ይሉ ጀመር። ሰውዬው ግን ቂጣውን በልተውም ፊት ወንበሬን አልመለሱልኝም።

ሳምንታት አለፉ። ቀሚሴ የመርፌ ቁልፉን ተወ። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ከመዝሙር በኋላ፣ ሆዴን ሲቆርጠኝ ወጥቼ ተመለስኩ። መድረክ ላይ አንድ ወንድም ማስታወቂያ እያነበበ ነበር። እማዬ አጠገብ ተቀመጥኩና ወደ ጆሮዋ ተጠጋሁ። ያን ቃል ጮክ ብዬ ተናግሬ ካፈርኩ በኋላ በሹክሹክታ መናገር ቀላል ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልሆነም። አንድ ቃል ብቻ ወጣኝ።

«ላከ» አልኳት።

ወንድም እያነበበ ነው፦ «የመዘምራን ልምምድ ከማክሰኞ ወደ ረቡዕ ተዛውሯል…»

«ሃሌ ሉያ!» አለች እማዬ፣ ተነሥታ።

ጉባኤው ለአፍታ አመነታና «አሜን!» አለ። ወንድም ወረቀቱን ደግሞ አየው።

በማግስቱ መናኸሪያ ስደርስ ሰውዬው ከሩቅ ጠሩኝ። ፊት ወንበሩ ባዶ ነበር፤ ማንም እንዳይቀመጥበት ፊሽካቸውን አስቀምጠውበታል።

«ግቢ መምህርት» አሉ። «ዛሬ ፊት ነሽ።»

«ምነው ጋሼ?» አልኩ። «ምን ተገኘ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አሉ ፊሽካቸውን እያነሱ። «እናትሽ በማለዳ ሰው ልከውብኝ ነበር። ‹ባልደረባህ ሥራ ጀምሯል በሉት› ብለዋል።»